ሃያ ኪሎ ሜትር በሊትር

ላቦራቶሪው ውስጥ መኪና የሚነዳው ባለበት ቆሞ ነው። የፊት ጎማዎቹ ወለሉ ውስጥ በተቀበሩ ከባድ የብረት በርሜሎች ላይ ያርፋሉ፤ አካሉ እንዳያመልጥ ከፊትና ከኋላ በሰንሰለት ይታሰራል፤ ከአፍንጫው ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ማራገቢያ የመንገድ ንፋስ መስሎ ይነፍስበታል። ነጂው መስኮቱን ዘግቶ፣ ኤሲውን አጥፍቶ ይቀመጥና ፊቱ በተሰቀለው ስክሪን ላይ የሚሄደውን መስመር በእግሩ ይከተላል። መስመሩ ሲወጣ ነዳጅ ይሰጣል፣ ሲወርድ ይለቃል፣ ግርጌ ሲደርስ ያቆማል። የክፍሉ ሙቀት በጋ ከክረምት አንድ ነው። ዳገት የለም፤ ጉድጓድ የለም፤ ከጎን ሆኖ የሚያወራ ሰው የለም። በርሜሎቹ ተሽከርክረው ሲያበቁ ከጭስ ማውጫው የተጠራቀመው ጋዝ ይለካና አንድ ቁጥር ይወጣል፤ ይህ መኪና በአንድ ሊትር ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል የሚል። ቁጥሩ ይታተማል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ አዲስ መኪና መስታወት ላይ ይለጠፋል።

ያን መስመር ከማንም አስበልጦ የሚከተለው ሰው በባልደረቦቹ ዘንድ «ነጥብ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ከየትኛውም ቁጥር ላይ ነጥቡንና ከነጥቡ በኋላ ያለውን ጥሎ ስለማያውቅ ነው። ሊያገባ ባለበት ሰሞን የሙሽራዋ ዕድሜ ስንት ነው ቢሉት «ሃያ ስድስት ነጥብ ሦስት» አለ እየተባለ ይታማል። እሱ አላልኩም ይላል። ሚስቱ ግን ብሏል ትላለች፤ አጠገቡ ቆማ እንደነበረም ትጨምራለች።

አልፎ አልፎ የተቆጡ ሾፌሮች እስከ ላቦራቶሪው በር ድረስ ይመጡ ነበር። ወረቀቱ ሃያ ይላል፣ የኔ አሥራ አምስት አይሞላም ይላሉ። አለቃው እነሱን የሚልከው ወደ ነጥብ ነው። ነጥብም አስቀምጦ ያስረዳቸዋል። ቁጥሩ የወጣው አንዱን መኪና ከሌላው ለማወዳደር ነው፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ሁኔታ ካልተለካ ማወዳደር አይቻልም፤ መንገድ ደግሞ በየቀኑ ሌላ ነው። ያለው ሁሉ ትክክል ነበር። አንድ የታክሲ ሾፌር መጨረሻው ድረስ አዳምጦት፣ ነገሩ እንደገባው፣ ነገር ግን እሱ የሚሠራው መንገድ ላይ ስለሆነ ለመንገድ የሚሆን ሌላ ቁጥር ካላቸው እንዲሰጡት ለምኖ ነበር። ነጥብ ይህን እቤት ገብቶ ሲያወራ ሚስቱ የያዘችውን ሰሃን አስቀምጣ ሳቀች።

የራሳቸው መኪና ትንሽ ነጭ ናት። መስታወቷ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ሃያ ነበር፤ ሞዴሏን በርሜሎቹ ላይ የነዳት ራሱ ነጥብ ስለሆነ አምኖ ገዛት። መንገድ ላይ ግን ከአሥራ አራት ብዙም ፈቀቅ አላለችም። ታንከሩን አፍ እስከ አፉ ይሞላል፣ ይነዳል፣ እንደገና አፍ እስከ አፉ ይሞላል፣ ያካፍላል። ሁልጊዜ አሥራ አራት ነጥብ ምናምን። «ስድስቱ የት ገባ?» እያለች ሚስቱ ታሾፍበታለች። እሱም ስድስቱ የት የት እንደገቡ አንድ በአንድ ያውቃል። ኤሲው የሚበላው አለ፤ መስኮት ሲከፈት ንፋሱ የሚይዘው አለ፤ ዳገቱ አለ፤ የከተማው የትራፊክ መብራት አለ፤ ደግሞ የሷ «እዚህ ጋ አቁምልኝ» አለ። ሴትዮዋ መስኮት ሳትከፍት፣ መንገድ ዳር የሚሸጥ ሳታይ፣ ድልድይ ላይ ወርዳ ውሃ ሳትመለከት የሄደችውን መንገድ ከመንገድ አትቆጥረውም። «እንግዲህ ስድስቱን የምበላው እኔ ነኛ፤ ታዲያ ለምን አልወፈርኩም?» ትለዋለች። ልጅ አልወለዱም። ይህ ጨዋታ ለዓመታት የቤታቸው ሳቅ ሆኖ ኖሯል።

እሷ የታመመችው ነዳጅ የጠፋ ዓመት ነው። ማደያዎች የሚቀዱት በኩፖን ብቻ ሆኗል፤ ለአንድ የቤት መኪና በወር የሚደርሰው ሥራ ደርሶ ለመመለስ እንኳ የሚያወላዳ አልነበረም። ሐኪሙ ያዘዘላት በደም ሥር የሚንጠባጠብ መድኃኒት ሲሆን የሚሰጠው ከተራራው ማዶ ባለው ከተማ ሆስፒታል ብቻ ነው። መሄጃው መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ነው፣ መመለሻውም ያው፣ በየሳምንቱ። አውቶቡስ ክልክል ነው አላት፤ መድኃኒቱ ሰውነቷን ስለሚያደክመው የሰው ጉንፋን እንኳ ሊጥላት ይችላል። ከሁሉ በላይ ያስጠነቀቀው ግን ሳምንት እንዳይዘለል ነው። የተዘለለ ሳምንት ዕጢው የሚያገግምበት ሳምንት ነው አለ። ነጥብ ይህን እንደ ሥራ መመሪያ በልቡ ያዘው።

ለሕመምተኛ ልዩ ኩፖን አለ ሲባል ወደ ነዳጅ ቢሮ ሄደ። የኩፖን ሠራተኛዋ ደግ ሴት ነበረች፤ ወንበር ሰጠችው፣ እግዚአብሔር ይማራት አለችው። የሐኪሙን ወረቀት አይታ፣ የመኪናውን ዓይነት ጠይቃ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ካለው ሠንጠረዥ ሃያ የሚለውን አገኘችና መቶ አርባን ለሃያ አካፈለች። ሰባት ሊትር ለመሄጃ፣ እዚህ የሚቀዳ፤ ሰባት ሊትር ለመመለሻ፣ እዚያ የሚቀዳ። ነጥብ ረጋ ብሎ መኪናዋ መንገድ ላይ ሃያ እንደማትሄድ፣ አሥር አሥር ሊትር እንደሚያስፈልጋት አስረዳ። ሠራተኛዋ ሠንጠረዡን አዙራ አሳየችው። ግርጌው ላይ ያለው ማኅተም የሱ መሥሪያ ቤት ነበር።

«ቁጥሩን ያወጣችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ፣ ጋሼ?» አለችው። ልታሾፍ አልነበረም፤ የምር ግራ ገብቷት ነው።

ወደ አለቃው ሄደ። መኪናዋ መንገድ ላይ አሥራ አራት እንደምትሄድ የሚገልጽ አንድ ደብዳቤ ቢጻፍለት ይበቃው ነበር። አለቃው ሚስቱን ያውቃታል፤ ለረጅም ጊዜ መነጽሩን ሲጠርግ ቆየ። ከዚያ ለአንድ መኪና ከጻፈ ለሠንጠረዡ ሁሉ መጻፉ እንደሆነ፣ የመንገድ ልኬት የሚባል ነገር በደንቡ ውስጥ እንደሌለ፣ ኮሚቴ እንዲያየው ቢያቀርብ እንኳ መልሱ የሚመጣው ከዓመት በኋላ እንደሆነ ነገረው። «አንተ ራስህ ስንቱን አስረድተህ መልሰህልኛል» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አለቃው የተናገረው እሱ ለሾፌሮቹ ይለው የነበረውን ቃል በቃል ነው።

መጀመሪያ ላይ የጎደለውን የሞላው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። በፒክአፕ ዕቃ እያመላለሰ የሚኖር፣ ሲናገር የሚጮህ፣ ሲስቅ የሚጮህ ሰው ነው። ከራሱ ድርሻ በጄሪካን ቀድቶ እያመጣ፣ እትዬ ከምትቀርብኝ ሥራዬ ይቅር ይል ነበር። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ሥራው እውነትም ቀረ፤ ፒክአፑ ደጃፍ ላይ አቧራ ለብሶ መቆም ጀመረ፤ ሦስት ልጆች አሉት። ያኔ ነጥብ፣ ጄሪካኑን ተወው፣ የጎደለውን እኔ ከመንገዱ ላይ አገኘዋለሁ አለው። ቁጥሩ መንገዱን ካልመሰለ መንገዱን ቁጥሩን አስመስለዋለሁ ማለቱ ነበር። እንዲህ ያለ ሐሳብ ዕድሜውን በርሜል ላይ ሲነዳ ለኖረ ሰው ካልሆነ ለማንም አይመጣም።

ተጠባባቂ ጎማውን አወረደ። ክሪኩን፣ የመፍቻ ሳጥኑን፣ ምንጣፎቹን አወረደ። የኋላውን ወንበር ፈቶ በረንዳው ላይ አስቀመጠ። ጎማዎቹን ትንሽ አጠንክሮ ነፋ። ወንድምየው ቁልቁለቱን ማርሽ አውጥተህ በፎሌ ውረድ ሲለው፣ አደገኛ መሆኑን፣ ደግሞም ማርሽ ላይ እንዳለ ነዳጁን ከለቀቀ ሞተሩ ራሱ ቤንዚኑን እንደሚዘጋ አስረዳው። ከዚያ በኋላ የቀረው አነዳዱ ነው። ሜዳው ላይ ከስልሳ አያልፍም፣ ከስልሳም አይወርድም። ፍሬን የሚይዘው ሲቸግረው ነው። ኤሲ የለም። ሲነዳ አያወራም፤ ምክንያቱም ሲያወራ እግሩ እንደሚከብድ ለክቶ ያውቃል።

ሚስቱ በረንዳው ላይ የተቀመጠውን ወንበር አይታ፣ «እኔንስ መቼ ነው የምታወርደኝ?» አለችው። ሳቀ። እሷም ሳቀች።

የመጀመሪያው ሳምንት አሥራ ስድስት መጣ። ቀጥሎ አሥራ ሰባት። ከዚያ አሥራ ስምንት ነጥብ ሁለት። ከወር ኩፖኑ ቆጥቦ በሚጨምራት ጥቂት ሊትር ደርሰው መመለስ ቻሉ፤ እሱም ሥራ ቦታ በእግሩ መሄድ ጀመረ። አንድም ሳምንት አልተዘለለም። እሷ ደግሞ እየከሳች ሄደች። መኪና ውስጥ ስትገባ የወንበሩ ምንጭ ድሮ ትንሽ ሲጥ ይል ነበር፤ አሁን ድምፅ አይሰማም። ነጥብ ይህን አስተውሏል፤ አልተናገረም። የተናገረችው እሷ ናት። «ለመኪናህ ብዬ ነው የከሳሁት፤ ቁጥርህ ላይ አስገባልኝ» አለችው ቀበቶዋን እያሰረች።

የመስኮቱ ነገር ግን እንዲህ በቀልድ አላለፈም። መድኃኒቱ ከገባላት በኋላ ሽታ ሁሉ ይገዝፍባታል፤ የመቀመጫው ጨርቅ፣ ፕላስቲኩ፣ የሱ ሸሚዝ ሳሙና። በተዘጋ መኪና ውስጥ በፀሐይ መሄድ ለጤነኛም ከባድ ነው። ትንሽ ክፈትልኝ አለችው። ነጥብ በዝርዝር ነገራት። ከአርባ በታች ሲሄዱ የተከፈተ መስኮት ብዙ አይጎዳም፤ ስልሳ ላይ ግን ንፋሱ መኪናዋን ወደ ኋላ ይይዛታል፤ አንድ ሳምንት በዚያ ከተሸነፉ ለሚቀጥለው ሳምንት የሚተርፍ አይኖርም። እና ተስማሙ፤ በከተሞቹ ውስጥና ዳገቱ ላይ ይከፈታል፣ ሜዳው ላይ ይዘጋል። ስምምነቱ ለሁለቱም የሚበጅ መስሎት ነበር። ፀሐይዋ ግን የምትበረታው ሜዳው ላይ ነው። እሷ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀጣዩ ከተማ እስኪመጣ ትጠብቃለች። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ዓይኗን ትከፍታለች። አቁምልኝ አትልም፤ አንገቷን አዙራ ውሃው ከዓይኗ እስኪጠፋ ትከተለዋለች። ነጥብ ይህን ሁሉ በዓይኑ ጥግ ያያል። ዋናው ዓይኑ የፍጥነት መቁጠሪያው ላይ ነው። ሦስት ወር ትታገሥ፣ ትዳን፣ ከዚያ ዕድሜ ልኳን መስኮት ከፍታ ትሄዳለች ብሎ ያሰላ ነበር። በስሌቱ ውስጥ አንድም ክፋት አልነበረም።

ቁጭ ማለት ሲያቅታት የኋላውን ወንበር መልሶ አሰረላት። ክብደቱ ሃያ ኪሎ ያህል ነው፤ ይህንንም በሆዱ ያዘው። ከዚያ ወዲህ ስትመለስ ኋላ ትተኛለች፤ ገና ከሆስፒታሉ በር ሳይወጡ እንቅልፍ ይወስዳታል፣ እቤት በር ላይ ነው የምትነቃው። መስኮት የለም፣ አቁምልኝ የለም፣ ወሬ የለም። በዚያ ሳምንት የሄደውን ነዳጅ ለክቶ ሲያካፍል አሥራ ዘጠኝ ነጥብ አንድ መጣ። ሁለቴ አሰላው። በዓመታት ውስጥ መኪናዋ እንዲህ ሄዳ አታውቅም። አልጋዋ ድረስ ሄዶ ነገራት። ዓይኗን በግድ ከፍታ «እንኳን ደስ አለህ» አለችው፤ ከልቧ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት መድኃኒቷ እየተንጠባጠበ ሳለ ነርሷ ከክፍሉ ወጥታ ነጥብን ኮሪደሩ ላይ አገኘችው። ወጣት ናት፣ ቆፍጠን ያለች፣ ስትናገር ሰው ዓይን የምታይ።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መንገዱ ላይ ቆም ብለው አያሳርፏትም እንዴ?»

ነጥብ ስትመለስ ደህና እንደምትተኛ፣ መቆም እንደማያስፈልጋት ነገራት።

«አትተኛም እኮ» አለች ነርሷ። «ራሷን በኪኒን ታስተኛለች እንጂ። በየሳምንቱ የሚያስተኛ ኪኒን ስጪኝ ትለኛለች። ሕመም ካለሽ የሕመሙን ልስጥሽ ስላት፣ ሕመሙስ ይቻላል፣ እንዳላስቸግረው ነው አለችኝ። ነቅቼ ከሄድኩ ያስመልሰኛል፣ ካስመለሰኝ ያቆማል፣ ካቆመ ነዳጁ አይበቃውም አለችኝ። አልነገርኩዎትም፣ እሺ?»

ነጥብ እሺ አለ። ነርሷ ከሄደች በኋላም እዚያው ግድግዳው ሥር ቆየ። ላቦራቶሪ ውስጥ ተሳፋሪ የሚባል ነገር አለ፤ ማሽኑ ላይ በቁጥር ይሞላል፣ ይህን ያህል ኪሎ ተብሎ። በርሜሎቹ ያን ያህል ይከብዳሉ፣ በቃ። ያ ተሳፋሪ አይሞቀውም፣ አያስመልሰውም፣ ውሃ ልይ አይልም። ሚስቱ ማንም ሳይነግራት እንደዚያ መሆንን ተምራለች። አሥራ ዘጠኝ ነጥብ አንድ የመጣው በሷ ኪኒን ነው።

ያን ቀን ሲመለሱ በየመንገዱ ሊያቆም አሰበ፤ ግን ኪኒኑን ወስዳ ነበር፤ ልትነቃ አልቻለችም። ድልድዩ ላይ አቁሞ ወደ ኋላ ዞሮ አያት። አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ሞተሩ እየሠራ ጥቂት ቆዩ፤ ከዚያ ነዳ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሊሄዱ ሲሉ ወደ ወንድምየው ቤት ሄዶ፣ ጄሪካኑን ዛሬ ብቻ እንዲሞላለት ለመነው። ወንድምየው ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ ከዚያው ደጃፍ ከቆመው ፒክአፕ ታንከር ውስጥ የጎማ ቱቦ ከትቶ ቀዳለት። ነጥብ ሚስቱን ፊት አስቀመጣት፣ ከጀርባዋ ትራስ አደረገላት፣ ገና ከግቢው ሳይወጡ አራቱንም መስኮት አወረደ።

«ዛሬ ምን ነካህ?» አለችው። «ነዳጅ ጨመሩልን እንዴ?»

ጨመሩልን አላት። መዋሸት አይችልበትም፤ እሷም አላመነችውም፤ ግን እጇን አውጥታ ንፋሱ ላይ ዘረጋች፤ ጣቶቿን ከፈት ዘጋ እያደረገች፣ እንደ ልጅ። ከፍጥነት መቁጠሪያው ላይ ዓይኑን አንስቶ አያት። ፀጉሯ ብን ብን ያለ አዲስ ፀጉር ሆኗል፤ ጆሮዋ ከድሮው የገዘፈ ይመስላል። መቼ እንዲህ እንደሆነች አላወቀም። በየሳምንቱ ከአጠገቡ ተቀምጣ ወይም ከኋላው ተኝታ ሄዳለች።

መንገድ ዳር ብርቱካን ከሚሸጡ ሴቶች ጋ ቆሙ። ዳገቱ ላይ እንድትተነፍስ ቆሙ። ሜዳው ላይ ፀሐይ ሲበረታ ኤሲውን ከፈተላት፣ መስኮቱም ክፍት እንደሆነ፤ አንዱን ዝጋ እንጂ፣ ይህማ ግፍ ነው ብላ የተቆጣችው እሷ ናት። ድልድዩ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ደግፎ አወረዳት። የድልድዩ ብረት ትኩስ ነበር፤ ጃኬቱን አጥፎ ብረቱ ላይ አደረገላትና ክንዷን አስደገፈች። ውሃው ያን ሰሞን ቀጭን ነው፤ ድንጋዮቹ መሃል እየተሹለከለከ ያልፋል። ብርቱካን ልጦ ሰጣት፤ ጭማቂውን ብቻ መጥጣ ሌላውን መለሰችለት።

«ዛሬ ስንት እየሄድን ነው?» አለችው።

«አልቆጠርኩም።»

«ውሸታም።»

«አሥራ ሁለት ቢሆን ነው።»

«አሥራ ሁለት ነጥብ?»

«ነጥቡን እንጃ» አላት።

ዞር ብላ አየችውና ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት፤ ሳሉ እስኪያልፍ ጀርባዋን ይዞ ቆመ። ከዚያ፣ ስንመለስም እዚህ እናርፋለን፣ ኪኒኑን አልወስድም አለችው። እሱም ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደው የመጨረሻው ዳገት ሥር ሲደርሱ መንገድ ዳር ቆሞ ጄሪካኑን አንጠፍጥፎ ታንከሩ ውስጥ ገለበጠ። ለመመለሻ የሚቀረው የኩፖኑ ሰባት ሊትር ብቻ እንደሆነ ያውቃል። የጎደለውን ለምኖም ሆነ ተበድሮ ሊያገኝ፣ ካላገኘም እዚያው ከተማ ከሷ ጋር ሊያድር ቆርጦ ነበር።

ሆስፒታሉ ውስጥ ደሟን ሲመረምሩ መድኃኒቱን አንሰጥም አሉ። ሰውነቷ ሊቋቋመው አይችልም፤ ትተኛና እናያለን አሉ። ሐኪሙ ነጥብን ለብቻው ጠርቶ ሲያነጋግረው ቁጥር እየጠቀሰ ነበር፤ የደም ሴሎቿን፣ የጉበቷን። ነጥብ ቁጥሮቹን ሰምቶ ተረዳቸው፤ ያባበለው ከቁጥር ውጭ በሆነ ቃል ቢሆን ኖሮ ምናልባት ተስፋ ያደርግ ነበር። አንድም ሳምንት ሳይዘለል ነበር የመጡት። ሐኪሙ ይህንንም አነሣ፤ በሽታው ከመጀመሪያውም ለመድኃኒቱ አልተበገረም፤ እናንተ ያጓደላችሁት ነገር የለም አለው። ሊያጽናናው ብሎ ነው።

ከዚያ በኋላ ከአልጋ አልተነሣችም። ነጥብ ከአልጋዋ ጎን ወንበር ላይ ከረመ፤ ነርሷ ብርድ ልብስ ሰጠችው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የክፍሉን መስኮት እንዲከፍት ጠይቃው፣ ከፍቶ ሲመለስ፣ እጁን ያዘችና ዓይኗን ከደነች። ማምሻውን አረፈች።

ወንድምየው በፒክአፑ መጣ። ለዚህ ጉዞ ነዳጅ ከየት እንዳገኘ ማንም አልጠየቀውም። አስከሬኗን ተቀብለው፣ በአንሶላ ጠቅልለው፣ ፍራሽ ላይ አጋድመው ከኋላ ጫኗት፤ ሁለት ያጎቷ ልጆች አጠገቧ ተቀመጡ። ወንድምየው ነጥብን ከኔ ጋር ፊት ተቀመጥ አለው፤ መኪናዋን እዚህ ጥዬ አልሄድም አለ። ማደያው የመመለሻ ኩፖኑን ተቀብሎ ሰባት ሊትር ቀዳለት። ወንድምየው የታንከሩ ክዳን ሲዘጋ አይቶ መጣ። ዛሬ አይጮህም ነበር።

«ጋሼ፣ ይህ እንደማይበቃህ አውቃለሁ። እኔ ትርፍ ይዣለሁ። ሲያልቅብህ መብራት አብራልኝ፣ እቆማለሁ።»

ነጥብ እሺ አለው።

ፒክአፑ ቀስ ብሎ ሄደ፤ ኋላ ያሉት እንዳይንገላቱ፣ እሷም እንዳትንገላታ። ከአምሳ አላለፈም። ሜዳውም ላይ አምሳ፣ ቁልቁለቱም ላይ አምሳ። ነጥብ ርቀቱን ጠብቆ ተከተለ። ከፊቱ ያለው መኪና ንፋሱን ይከፍልለታል። አቧራው እንዳይገባ መስኮቱን ዘግቷል። ኤሲውን መክፈት ትዝ አላለውም። ከጎኑ ትራሱ ብቻ አለ። ብርቱካን የሚሸጡት ሴቶች የፒክአፑን ጭነት አይተው ከተቀመጡበት ተነሡ፤ መኪኖቹ ግን አልቆሙም። ድልድዩን ሲያልፉ ፒክአፑ ፍጥነት አልቀነሰም፤ የነጥብም እግር ነዳጁ ላይ እንደነበረ ቆየ። አንገቱን አላዞረም። ዓይኑን ፒክአፑ ላይ ከተጋደመው አንሶላ አላነሣም፤ እግሩ ግን ሳይታዘዝ ሥራውን ይሠራ ነበር፤ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ፣ መስመር እንደሚከተል።

ከተማው ጫፍ ሲደርሱ ነው ድንገት ዓይኑ ወደ ነዳጅ መለኪያው የወረደው። ቀስቷ ቀዩ ላይ መድረስ ነበረባት፤ ድሮ ቢሆን ከተራራው ወዲህ ትደርሳለች። አልደረሰችም። ከቀዩ በላይ፣ በግልጽ የሚታይ ስፋት ትታ ቆማለች። አካፈለ። ላካፍል ብሎ አይደለም፤ ጭንቅላቱ በራሱ አካፈለ። መቶ አርባ ኪሎ ሜትር፣ ከሰባት ሊትር ያነሰ። ሃያ። ከሃያም ትንሽ ያልፋል።

ቤቱ ደጃፍ ሰው ተሰብስቧል። ፒክአፑ ሲቆም ለቅሶው ተነሣ፤ ሰዎች ወደ ኋላው ሮጡ። ነጥብ መንገድ ዳር አቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ መስኮቱ እንደተዘጋ ተቀመጠ። የውጪው ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማዋል።

ወንድምየው ሰዉን ጥሶ ወደሱ መጣ። ፊቱ አቧራና እንባ ነው። በመስታወቱ በኩል አይቶት፣ በሩን ከፈተና ጎንበስ አለ።

«መንገዱን ሁሉ መብራትህን በመስታወት ስጠብቅ» አለው። «በቃህ እንዴ?»

ነጥብ ሁለት እጁን ከመሪው ላይ አላነሣም።

«በቃኝ» አለ። «ተረፈኝም።»

ወንድምየው ክንዱን ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣ ከመኪናዋ አወጣው።